«እኔኮ ለስላሳ ብቻ ነው የምጠጣው»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ርዕሱ ላይ ያለችውን ንግግር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ደብረ ብርሃን ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ ደሴ ይሁን አዲስ አበባ፣ ሙስሊም ወጣት ከሆቴል ባር ሲወጣ ወዳጁ አይቶት «እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ቢለው መልሱ የታወቀ ነው፦ «እኔኮ ለስላሳ ብቻ ነው የምጠጣው።» እህቶቻችንም ዘንድ ይህችው መልስ አለች፤ «ማኪያቶ ጠጥተን ወጣን፣ ሌላ ምን አደረግን?» ይላሉ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጠጪው አይደለም። የሚጠጣ ሙስሊም የሚሠራው ሐራም መሆኑን ያውቃል፤ አንድ ቀን ልቡ ሲመለስ ይጸጸታል፣ የተውበት በርም ክፍት ነው። የሚያሳስበኝ ያልጠጣው ነው። እሱ የሚጸጸትበት ነገር ያለ አይመስለውም።

ቦታው ምን ዓይነት ነው?

በቅርብ ዓመታት የሆቴል ባሮች «የድሮ ዘመን» መልክ መያዝ ፋሽን ሆኖላቸዋል፤ «ሬትሮ» ይሉታል። ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ጥግ ላይ የማይሠራ ግራሞፎን ከነሸክላው፣ የካሴት ቴፕ፣ የእንጨት ሬዲዮ፣ ፋኖስ። ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ። ጭፈራ የለም፤ ጠብም የለም። ሰው ከሥራ ወጥቶ እንደለበሰ ይገባል፣ የሚጠጣ ያዝዛል፣ ኦቾሎኒና ችብስ ይቆረጥማል፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ይሰካል፣ ያወራል፣ ይወጣል።

ልብ በሉ! ይህ ቦታ አስፈሪ ቢሆን ኖሮ ሙስሊሙ ወጣት አይገባም ነበር። ጭፈራ ቤት በር ላይ እግሩ ይከብደዋል፤ ኢማኑ ይቀሰቅሰዋል። እዚህ ግን የሚቀሰቅሰው ነገር አያገኝም። ባንኮኒው ላይ የተደረደረው ጠርሙስ ከድሮው ሬዲዮ ጋር ተቀላቅሎ ጌጥ ይመስለዋል። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ለትዕግስት የተባለው ለጥፋትም ይሠራል። የመጀመሪያ ቀን ጠርሙሱን ሲያይ ዓይኑን ያዞራል፤ በአሥረኛው ቀን ለጓደኛው ያቀብላል።

ባለሆቴሉን አልወቅስም። ክርስቲያን ጎረቤታችን በእምነቱ ያልተከለከለውን፣ በሕግ የተፈቀደለትን ንግድ ይነግዳል። አብረን የኖርን፣ በሐዘንም በደስታም የምንጠራራ ሰዎች ነን። ይህ ጽሑፍ በእሱ ላይ የተጻፈ አይደለም። ጉዳዩ የእኛ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ላ ኢላሃ ኢለላህ ያልነው የእኛ።

«አትጠጡ» ብቻ ነው የተባልነው?

ኸምር የተከለከለው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ በሱረቱል በቀራህ 219 ላይ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ። ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ 43 ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በመጨረሻ በሱረቱል ማኢዳህ 90 እና 91 ላይ በቁርጥ ተዘጋ። የመጨረሻው ትእዛዝ የመጣው ግን «አትጠጡ» በሚል ቃል አይደለም፤ እንድንርቀው ነው የታዘዝነው። ዑለሞች ይህን ልዩነት ሲያብራሩ፣ መራቅ ከአለመጠጣት የሰፋ ነው ይላሉ። ያልጠጣ ሰው አፉን ጠብቋል። የራቀ ሰው ግን እግሩንም፣ ዓይኑንም፣ ኪሱንም ጠብቋል።

ቀጥሎ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው ኸምር የሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ ማስጠንቀቃቸውን ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበዋል። ቃሉን አስተውለው ወንድሜ። የተከለከለው መጠጣቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ መቀመጥ ማውራት ምን አስፈለገ? መጠጡ በሌላ ቦታ ተከልክሏል። እዚህ የተከለከለው «ለስላሳ ብቻ የሚጠጣው» ሰው መቀመጫ ነው። ሐዲሡ ስለ አንተ ነው የሚናገረው!

ዑለሞች የሚያወሱት አንድ ታሪክ አለ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ዘንድ ኸምር ሲጠጡ የተያዙ ሰዎች ቀረቡ። ከመካከላቸው አንዱ ፆመኛ ነው፣ አልጠጣም ተባለላቸው። ኸሊፋው ምን ያሉ ይመስልሃል? ቅጣቱን ከእሱ ጀምሩ አሉ! ማስረጃቸው የሱረቱ ኒሳእ 140ኛ አንቀጽ ነበር፤ የአላህ አንቀጾች ሲካዱና ሲቀለድባቸው እየሰማ አብሮ የሚቀመጥ ሰው እንደነሱው ይቆጠራል የሚለው። አስብ እንግዲህ። ያ ሰው ሚሪንዳ እንኳን አልያዘም፤ ፆም ላይ ነበር። «እኔ ፆመኛ ነኝ» የሚለው ካላዳነው «እኔ ለስላሳ ነው የምጠጣው» የሚለው ያድናል?

ሂሳቡን ማን ከፈለው?

አሁን ደግሞ ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። አራት ጓደኛሞች ተቀምጣችኋል። ሁለቱ ድራፍት፣ አንዱ ቢራ፣ አንተ ሶፊ ማልት። አንድ ሳህን ቺፕስ ከመሀል አለ። አስተናጋጇ ሂሳቡን ታመጣለች። ሂሳቡ ለአራት ይካፈላል፤ «ወንድነት» ነውና ማንም የየራሱን አይቆጥርም። ወንድሜ፣ ማልትህ ሐላል ነበር፤ የከፈልከው ብር ግን የማን ቢራ ገዛ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኸምር ዙሪያ አሥር ወገኖችን እንደረገሙ በሱነን ኪታቦች ተዘግቧል። ጠጪው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው። የሚጠምቀው፣ የሚሸጠው፣ የሚቀዳው፣ የሚሸከመው፣ ዋጋውን የሚበላው ሁሉ አብረው ተቆጥረዋል። «እስቲ ያን ጠርሙስ አቀብለኝ» ተብሎ እጁን የዘረጋ፣ ብርጭቆ የሞላ፣ ተራው ደርሶ ለጠረጴዛው ሁሉ የጋበዘ ሙስሊም በየትኛው ተራ ላይ እንደቆመ ራሱን ይጠይቅ።

ይህ ጉዳይ ዘንድሮ ቀላል መስሎ የሚታየን ብዙ ጊዜ ስላየነው ነው። ደብረ ብርሃን በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት። ሐበሻና ዳሽን የሚባሉት የቢራ ፋብሪካዎችም እዚሁ አሉ። ማስታወቂያው፣ ጃንጥላው፣ ኮፍያው፣ የሱቁ ቀለም ሁሉ የቢራ ነው። ዓይናችን ለምዶታል። ዓለም ግን ወደኋላ እየተመለሰ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መግለጫ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ተናግሯል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ሌላው ሰው በሳይንስና በሕግ ቀስ እያለ ወደ ሚቀርበው ነገር፣ እኛ ከ1400 ዓመት በፊት ደርሰንበት ሳለ ወደኋላ መሄዳችን አያሳዝንም?

መክሰሱስ?

ስለ መጠጡ ብዙ ይወራል፤ ስለ ሳህኑ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከመጠጡ ጋር የሚመጣው በርገር፣ ክለብ ሳንድዊች፣ የዶሮ ክንፍ፣ ጥብስ የማን እርድ ነው? በአገራችን ሙስሊሙ የሙስሊሙን፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን እርድ ይበላል። ክርስቲያን ጎረቤታችን ይህን ሥርዓት ያከብረዋል፤ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዳው ለብቻ ያሳርዳል። ጎረቤትህ ለአንተ ሃይማኖት የሚጠነቀቀውን ያህል አንተ ካልተጠነቀቅክ ነውሩ የማን ነው?

«እኔ ቺፕስ ብቻ ነው የማዝዘው» ትል ይሆናል። በየትኛው ዘይት ተጠበሰ? ቋሊማውና ሥጋው በወጣበት ዘይት ከሆነስ? «የጾም ወቅት ነው፣ ሁሉም የጾም ምግብ ነው» የምትልም አለህ። ደግ፤ ሁዳዴ ሲፈታ መሄድህን ትተዋለህ? ልማድ በጾም ወቅት ገብቶ በፍስክ አይወጣም።

የማን ድሮ ነው የሚሸጥልን?

ወጣቱን የሚስበው «የድሮ» ጠረን ነው ብያለሁ። ድሮን መውደድ ክፉ አይደለም። ጥያቄዬ የማንን ድሮ ነው የሚል ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ድሮ የዘፋኝ፣ የጃምቦና የጭፈራ ድሮ ነው። እዚያ ፎቶ ውስጥ አያትህ የሉም! አያትህ የት ነበሩ? ልንገርህ።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አንኮበር ሂድ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ በድሮው አምሳል ሎጅ ተሠርቶ ነበር፤ ጎብኚ ይወጣ፣ ፎቶ ይነሳ ነበር። አንተም ውጣ፤ አየሩን ተቀበል። ነገር ግን ኮረብታው ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ተመልከት። በዚያ አቅጣጫ ዓሊዩ አምባ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙስሊም ነጋዴ ከተማ ነበረች፤ ከታጁራ በአፋር በኩል የሚመጣው ሲራራ የሚያርፍባት፣ የሐረር ነጋዴ የሚገናኝባት፣ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት። በ1841 (እ.ኤ.አ.) በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በዚሁ መንገድ ነው የወጣው። የይፋትን በር የሚጠብቀው የንጉሡ ሹም ወላስማ ሙሐመድ ሙስሊም ነበር። «ወላስማ» የሚለው ስም ራሱ በ1285 (እ.ኤ.አ.) የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ ይፋትን ካጸናው ከዑመር ወላስማ ቤት የወረደ ነው። አርጎባው፣ የጎዜ መስጂድ፣ በየገጠሩ በደረሳ የተሞላው የቂርአት ቤት፣ ይህ ነው ያንተ ድሮ። ግራሞፎን ስለሌለው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ግን ከግራሞፎኑ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

አንድ ልጨምር። ባሩ ውስጥ የምታዛት ማኪያቶ ቡናዋ የማን ልማድ ነበር? በየመን ሱፊዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለሌሊት ዚክር መንቂያ ይጠጡት ነበር። በ1511 (እ.ኤ.አ.) የመካ ሹም ሰው እየተሰበሰበበት ነው ብሎ እስከ ማገድ ደርሶ ነበር፤ እገዳው ግን አልቆየም። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኢስታንቡል ላይ ቡና ቤቶች ተከፈቱ። በእኛው በሸዋም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡና መጠጣት የሙስሊም ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ክርስቲያኑ ይሸሸው ነበር፤ በኋላ ነው የሁሉም የሆነው። እንግዲህ አስተውል። ሰው ሳይሰክር የሚሰበሰብበትን፣ የሚጫወትበትን፣ ወሬ የሚቀያየርበትን ቤት ለዓለም ያስለመዱት ሙስሊሞች ናቸው። የእነሱ ልጅ ዛሬ ሰው ፍለጋ ባር ይገባል!

«ታዲያ የት እንሂድ?»

ይህ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ከመልስ ልንሸሽ አይገባም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከመግሪብ በኋላ ያለውን ብርድ ለኗሪዋ መንገር አያስፈልግም። ከሩቅ አገር መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት አለ። ፋብሪካ ውሎ ወደ ጠባብ ኪራይ ቤቱ የሚገባ አለ። ሙቀት፣ ወንበር፣ ዋይፋይ፣ የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት ሐራም አይደለም። ነፍስ መዝናናት ትፈልጋለች፤ ዲናችንም ይህን አልካደም።

ስለዚህ ነገሩ ወጣቱን በመውቀስ አያልቅም። የመስጂድ ኮሚቴ ሆናችሁ ከዒሻእ በኋላ በአሥር ደቂቃ መብራት አጥፍታችሁ በር የምትቆልፉ አባቶች፣ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ነጋዴ ወንድሞች፣ ፎቅ ሠርታችሁ ምድር ቤቱን ለባር የምታከራዩ፣ በሱረቱል ማኢዳህ 2ኛ አንቀጽ በወንጀል ላይ መተባበር መከልከሉን እያነበባችሁ ኪራዩን በምን አፍ ትበሉታላችሁ? ልጃችሁን ከባር እየከለከላችሁ ለሰው ልጅ ባር ታከራያላችሁ?

በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ነጋዴ ቢተባበር ንጹሕ የሐላል ካፌ መክፈት አይከብድም። እርዱ የታወቀ፣ ዘይቱ የታወቀ፤ ለእህቶች የሚሆን ክፍል ያለው፤ ዋይፋይና ሙቀት ያለው፤ ለመግሪብና ለዒሻእ ሰዎች የሚነሱበት፣ ከሶላት በኋላ የሚመለሱበት። ግድግዳው ላይ የዓሊዩ አምባና የጎዜ ፎቶ ይሰቀል። ድሮ ከተፈለገ እነሆ ድሮ! ክርስቲያን ጓደኛህም ይምጣ፤ አንተ እሱ ዘንድ እንደምትሄደው እሱም አንተ ዘንድ ቡና ይጠጣ። አብሮነት አንዱ ወገን ብቻ ሃይማኖቱን እየሸረፈ የሚኖርበት ከሆነ አብሮነት አይባልም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ ከባሩ ወጥቶ ጫት ቤትና ሺሻ ቤት መግባት ተውበት አይደለም። ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ መቀመጥ ነው።

ስለ አስገዳጅ ሁኔታ

መንገደኛ ሆነህ ማደሪያ ያለው ሆቴል ብቻ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤትህ ሥልጠና ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ካደረገ፣ ይህ ከጓደኛ ጋር ባር ከመቀመጥ ይለያል። መኝታ ክፍሉና አዳራሹ የኸምር ማዕድ አይደሉም። በሥልጠናው ምሳ ላይ መጠጥ የሌለበትን ጠረጴዛ ምረጥ፤ የምትበላውን ጠይቅ፤ ማታ «ወደ ባር እንውረድ» ሲባል በትሕትና ተሰናበት። ሆቴል ውስጥ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የእያንዳንዳችሁ ጉዳይ ይለያያል፤ አልጋ የሚያነጥፍና መጠጥ የሚቀዳ አንድ አይደሉም። የምታምኑትን ዓሊም ቀርባችሁ ጠይቁ።

ጓደኛ ይቀየመኛል ብለህ ከሰጋህም ቀላል መንገድ አለ። «አልመጣም» ከማለት «ነገ ቡና እኔ ልጋብዝህ» በል። የጓደኛህን ምርቃት፣ ልደት፣ የሥራ እድገት አትናቅ፤ ስጦታህን ይዘህ ቀን ቤቱ ሂድ። ሃይማኖቱን አክብሮ የያዘ ሰው ይከበራል። ቆይቶ የሚናቀው ዛሬ ለስላሳ፣ ነገ «ትንሽ ብቻ» የሚለው ነው።

ለ«ጠባቂዎቹ»

በመጨረሻ ለአንዳንድ ቀናኢ ወንድሞች። ባር በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሙስሊም በስልክ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነሲሓ አይደለም። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ሰውን መሰለልን ከልክሏል። የእህትን ፎቶ ከነስሟ አሰራጭቶ «ለትምህርት ነው» ማለት የራሱ ወንጀል ነው። አንድን ወጣት በአደባባይ ካዋረድከው መስጂዱን ይሸሻል፤ ባሩ ግን ፈገግ ብሎ ይቀበለዋል። ነሲሓ ለብቻ፣ በለሰለሰ ቃል፣ ከቡና ጋር ይሁን።

አነስ (ረ.ዐ) ወጣት ሳሉ በአቡ ጦልሓ ቤት ለሰዎች መጠጥ ይቀዱ ነበር። መከልከሉን የሚያውጅ ድምፅ ከደጅ ሲሰማ «እስቲ ይህቺን ብቻ እንጨርስ» ያለ አልነበረም፤ አውጥተው ደፉት፣ በመዲና መንገድ ላይ ፈሰሰ። እነሱ የለመዱትን፣ ቤታቸው ውስጥ የነበረውን፣ በአንድ ጥሪ ተዉ። ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ የማንጠጣውን መጠጥ ጠረጴዛ ለቆ መነሳት ብቻ።

ያ አላህ! እግራችንን ከጥርጣሬ ቦታ ጠብቅልን። ወጣቶቻችንን በሐላል አብቃቃቸው። ነጋዴዎቻችንን ለመልካም ሥራ አነሳሳልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።